ሮኬት የማይፈልግ የጠፈር ኑሮ

በግንቦት 2009 ዓ.ም. ቤጂንግ በሚገኘው ቤይሃንግ ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች የውጭ አየር ወደማይገባበት ቤት ገብተው በሩ ተዘጋ። ቤቱን «የጨረቃ ቤተ መንግሥት» ይሉታል፤ ስፋቱ ግን 160 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ቡድኖች እየተፈራረቁ 370 ቀን ኖሩበት። ሁለተኛው ቡድን 200 ቀን ሙሉ ደጅ አልወጣም።

ተማሪዎቹ የሚያስወጡትን የተቃጠለ አየር እዚያው የዘሩት ስንዴና አትክልት ይስበው ነበር፤ ተክሉም ኦክስጅን ይሰጣቸው ነበር። ሽንታቸው ሳይቀር ተጣርቶ ዳግም ሥራ ላይ ይውል ነበር። ሰው የማይበላውን የተክል ክፍል ትሎች ይመገቡት ነበር፤ ትሎቹን ደግሞ ተማሪዎቹ ይበሏቸው ነበር። ለእኛ ጆሮ ይከብድ ይሆናል፤ ከምድር ርቆ ለሚኖር ሰው ግን ሥጋ የሚላክለት ከየት ነው?

እውነተኛው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይበራል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ ካለው መንገድ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። እዚያ ውኃ በሮኬት ስለሚጫን እያንዳንዱ ጠብታ ዋጋ አለው። ናሳ በ2015 ዓ.ም. እንዳስታወቀው ጣቢያው ከሠራተኞቹ ላብ፣ ትንፋሽና ሽንት 98 በመቶውን ውኃ መልሶ ማግኘት ችሏል።

ምድር ላይ የሚደረግ ልምምድ ክብደት ማጣትን ሊያሳይ አይችልም። ሰውን ግን በደንብ ይፈትናል፤ እኔም ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው እላለሁ። ሞስኮ ላይ ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. ስድስት ወንዶች 520 ቀን ተዘግተው ወደ ማርስ የሚጓዙ ያህል ኖረዋል። ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፤ የአንደኛው እንቅልፍ ከቀንና ከሌሊት ዑደት ጋር አልገጥም አለ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ምድር ተወነጨፈች፤ ማስወንጨፊያ የለንምና። እንዲህ ላለው የምድር ላይ ልምምድ ግን ማስወንጨፊያ አያሻም። አንድ ክፍል፣ ስድስት ተማሪዎች፣ በጀሪካን የተለካ ውኃ፣ ተመዝኖ የገባ ምግብና መዝገብ ይበቃል። ከጎን ክፍል ያለው «የምድር ጣቢያ» ለጥያቄያቸው መልስ የሚልከው፣ ማርስን ያህል የራቁ እንዲመስላቸው፣ አሥር ደቂቃ አዘግይቶ ይሁን። መስኮቱ አይዘጋ፤ ሽንት የማጣራቱም ነገር ለባለሙያ ይቅር።

የጉራጌ ልጆች ከቤታቸው የሚያመጡት ዕውቀትም አለ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈልግ ለጠፈር እርሻ አይመችም። ከእሱ የሚሠራው ቆጮ ግን ያለ መብራት፣ በጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። ምግብ ሳይበላሽ የማቆየት ጥያቄ ለረጅም የጠፈር ጉዞ እስከ ዛሬ ከባድ ነው። ተማሪዎች የእናቶቻቸውን ጉድጓድ ሙቀትና እርጥበት ለክተው ቢመዘግቡ እውነተኛ ሳይንስ ሠሩ ማለት ነው።

የወልቂጤና የቡታጅራ የሳይንስ መምህራን ሆይ፣ ወላጆችን አስፈቅዳችሁ አንድ ቅዳሜና እሑድ መድቡ። አንድ ተማሪ በቀን ስንት ሊትር ውኃ እንደሚጨርስ በመለካት ጀምሩ።