ሁለቱ የእሳት ምልክቶች አንድ አይደሉም

በኬሚስትሪ ላብራቶሪ ስለምሠራ ተማሪዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ጠርሙሱ ላይ እሳት ከተሳለ፣ ከክብሪት ማራቅ ብቻ አይበቃም?» አይበቃም።

በተባበሩት መንግሥታት የኬሚካል ምልክቶች ሥርዓት፣ በጂኤችኤስ፣ ቀይ ጠርዝ ያላቸው 9 ምልክቶች አሉ። እሳት የሚታየው በሁለቱ ላይ ነው።

1. ነበልባል ብቻውን፦ ዕቃው ራሱ በቀላሉ ይቀጣጠላል። አሴቶንና ኤታኖል እንዲህ ናቸው።

2. ነበልባል ክብ ላይ፦ ዕቃው ኦክሲጅን እየሰጠ የሌላውን እሳት ያባብሳል። አሞኒየም ናይትሬትና ፖታሲየም ፐርማንጋኔት እዚህ ይመደባሉ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አታስቀምጡ! መደርደሪያ በፊደል ተራ ሲደረደር የምሰጋው ለዚህ ነው፤ አሴቶንና አሞኒየም ናይትሬት ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉና ጎረቤት ይሆናሉ። በስም ሳይሆን በምልክት ለዩ።

«የራስ ቅል ከሌለበት አይጎዳም» የሚባለውም ስህተት ነው። የራስ ቅል የሚያስጠነቅቀው ቶሎ ስለሚገድል መርዝ ነው። ደረቱ ላይ ኮከብ መሰል ስንጥቅ ያለበት የሰው ምስል ግን እንደ ካንሰር ያለ፣ ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳትን ያመለክታል። የመኪና ቤንዚን ይህ ምልክት አለው፤ የራስ ቅል የለውም። እባካችሁ በአፍ አትሳቡት፣ እጅም አትታጠቡበት።

ያልገባችሁ ምልክት ካለ ፎቶውን ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።