ተጨማሪ መረጃ፦ ጎተራ የሚያህል ዒላማ

ራቤል ውስጥ ገብሱን ከጭላዳ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያሽከረክር አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፤ ዒላማው ሲሰፋ የመምታት ዕድሉም ይጨምራል። የፊዚክስ ሊቃውንትም የኑክሌር አጸግብሮትን ዕድል የሚገልጹት በስፋት ነው። መለኪያው ባርን (ጎተራ ማለት ነው) ይባላል፤ ስሙ በ1942 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወጣ። አንድ ባርን 10⁻²⁴ ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው።

ዲዩትሮን አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን የተጣመሩበት የከባድ ሃይድሮጂን (የዲዩትሪየም) ኒውክሊየስ ነው። የአጸግብሮቱን ስፋት ለመለካት ስስ ዒላማ በዲዩትሮን ይደበደባል፤ የተወነጨፉትም ከአጸግብሮቱ የወጡትም ቅንጣቶች ይቆጠራሉ። የሚደንቀው፣ ስፋቱ እንደ ዲዩትሮኑ ጉልበት መለዋወጡ ነው! በ100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሌላው ከባድ ሃይድሮጂን፣ ትሪቲየም፣ ለዲዩትሮን 5 ባርን ያህል ይሰፋለታል፤ ዲዩትሪየም ግን ከዚህ ከ100 እጥፍ በላይ ያንሳል። የኑክሌር ውህደት ተመራማሪዎች ዲዩትሪየምንና ትሪቲየምን የመረጡት በዋናነት ለዚህ ነው።