ናሱ፣ ቅቡና ኪዩ

ልጃቸውን የትንፋሽ መሣሪያ ለማስጀመር ያሰቡ ወላጆች፣ እዚህ ሬሆቮት ቂርያት ሞሼ ሠፈርም ሆነ ሌላ ቦታ፣ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ቀለሙ ነው። ብርማው ይሻላል ወይስ ወርቃማው? ብርማው ውድ ስለሆነ ድምፁም ሳይሻል አይቀርም? ስለ ኪዩ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አያጋጥምም። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ልጁ ከማን ጋር አብሮ መጫወት እንደሚችል የሚወስነው መሣሪያው የተሠራበት ኪይ፣ ማለትም «ዶ» ብሎ ሲነፋ በፒያኖ የሚሰማው ድምፅ፣ ነው፤ ቅቡ በአብዛኛው የሚወስነው ዕቃው እንዴት እንደሚያዝና እንደሚጸዳ ነው። ነገሩ እንዲገባን ከሁሉ ቀላል ከሆነው መሣሪያ፣ ፒስተን ከሌለው ከቡግል እንጀምር።

ቡግል ጫፉ የሰፋ የናስ ቱቦ ነው፤ ወታደሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው፣ ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ የሚነፋው። ቀዳዳ የለውም፣ የሚጫን ነገርም የለውም። ነፊው ከንፈሩን ሲያጠብቅና ሲያላላ ግን ከአንዱ ቱቦ ብዙ ድምፅ ይወጣል። እነዚህ ድምፆች ነፊው እንዳሻው የሚመርጣቸው አይደሉም፤ የቱቦው ርዝመት የፈቀዳቸው ብቻ ናቸው። በተግባር የሚሠራባቸው አምስት ያህል ናቸው፦ ታችኛው ዶ፣ ሶል፣ ከዚያ ላይኛው ዶ፣ ሚ እና ሶል። የየአገሩ የጦር ሰፈር ጥሪዎች በሙሉ ለማለት ይቻላል ከነዚህ አምስቱ የተቀመሙ ናቸው።

አሁን ሜጀር ትዝታን አስቡት፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ቡግሉ ዶ፣ ሚና ሶል አሉት፤ ሬና ላ የሉትም። ባቲ ላይ ፋና ሲ ይጎድሉታል። አምባሰል ላይ የሚያገኘው ዶንና ሶልን ብቻ ነው። አንቺ ሆዬን በፒያኖ እንደሚጻፈው ከወሰድነው ደግሞ ከዶ በስተቀር አንዱንም አይነካም። ስለዚህ አራቱንም ቅኝቶቻችንን በባዶ ቡግል ማዜም አይቻልም። ነፊው የቱንም ያህል ቢሰለጥን ቱቦው የሌለውን አይሰጥም።

አባቶቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር፤ የፈቱበት መንገድም ያማረ ነው። እምቢልታ እንደ ቡግሉ ሁሉ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ እምቢልታ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። ስለዚህ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታዎች ይቆማሉ፤ ነፊዎቹ እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየገባ፣ ዜማውን በመካከላቸው ይሠሩታል። የጎደለው ድምፅ በሌላ ሰው እጅ ይገኛል ማለት ነው። መለከቱ ሲጨመርና ነጋሪቱ ሲጎሰም ደግሞ አዋጅ የሚነገርበትና ንጉሥ የሚታጀብበት ሙሉ ጓድ ይሆናል። አሜሪካኖች «ድራም ኤንድ ቡግል ኮር» ብለው የሚኮሩበት የከበሮና የቡግል ጓድ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ እኛ ዘንድ ከእነሱ በፊት ነበረ።

ሌላው መፍትሔ ፒስተን ነው። ፒስተን ሲጫን አየሩ በተጨማሪ ቁራጭ ቱቦ እንዲዞር ይደረጋል፤ ቱቦው ስለረዘመ ድምፁ ይወርዳል። አንደኛው ፒስተን አንድ ቶን፣ ሁለተኛው ግማሽ ቶን፣ ሦስተኛው አንድ ቶን ተኩል ያወርዳል። በሦስት ፒስተን ትራምፔት ሜጀር ትዝታን ከታችኛው ዶ ተነሥተን እንውጣ። ዶ ያለ ፒስተን ይነፋል። ለሬ አንደኛውና ሦስተኛው አብረው ይጫናሉ። ለሚ አንደኛውና ሁለተኛው። ሶል እንደገና ያለ ፒስተን ይወጣል። ላ እንደ ሚ አንደኛውና ሁለተኛው ሲሆን፣ ላይኛው ዶ ያለ ፒስተን ይዘጋዋል።

እዚህ ውስጥ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት አንድ ድምፅ አለ፤ ሬ። አንደኛውና ሦስተኛው ፒስተን አብረው ሲጫኑ የሁለቱ ቱቦ ድምር ከሚፈለገው ርዝመት ትንሽ ያንሳል፤ ድምፁም ከልኩ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው በሦስተኛው ፒስተን ተንሸራታች ቱቦ ላይ ቀለበት የተበየደው። የግራ እጅ የቀለበት ጣት እዚያ ይገባና ሬ በመጣ ቁጥር ቱቦውን ወደ ፊት ገፋ ያደርገዋል። ትዝታ ደግሞ ሬ ላይ ደጋግሞ የሚመለስ ቅኝት ነው። ተንሸራታቹ የደረቀና የማይነቃነቅ መሣሪያ፣ በብር ቢቀባም በወርቅ፣ ትዝታን ሁልጊዜ ከልኩ አውጥቶ ነው የሚያሰማው። መምህራን ለምን ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት አጥብቀው እንደማያስተምሩ አይገባኝም።

የአሜሪካ ጓዶች ታሪክም የሚያስተምረን ነገር አለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመለሱት ወታደሮች የያዙት ቡግል በጂ የተቃኘ ነበር፤ ጓዶቹም በዚያው በጂ ቀሩ። ፒስተን የተፈቀደላቸው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ አንድ፣ ቆይቶ ሁለት። ሁለት ፒስተን ሲኖር ከሶል እስከ ሚ መውረድ ይቻላል፤ ወደ ታችኛው ሬ ግን አይደረስም፤ ለሱ ሁለት ቶን ተኩል መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ ሁለት ፒስተኑ ቡግል ትዝታን ከላይ ቢጫወትም ታችኛው ላይ ይሰበርበታል። በ1972 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጓዶቹ ማኅበር ሦስተኛውን ፒስተን የፈቀደው በ1990 ነው። በ2000 ደግሞ በጂ የመወሰኑ ግዴታ ተነሣ፤ ጓዶቹም ብዙም ሳይቆዩ ወደ ቢ ፍላት ተሻገሩ።

ለምን? መልሱ ድምፅ ብቻ አይደለም። የጂው ቡግል ቱቦ 1.75 ሜትር ገደማ፣ የቢ ፍላቱ ትራምፔት 1.48 ሜትር ገደማ ነው። ረጅሙ ቱቦ አንድ ቶን ተኩል ዝቅ ይላል፤ ብዙዎች ድምፁን ወፍራምና የሚወረውር ነው ይሉታል፤ ዛሬም የሚናፍቁት አሉ። ነገር ግን ልጆቹ በትምህርት ቤት የሚማሩት በቢ ፍላት ነው፤ ኖታው የሚታተመው፣ መምህሩ የሚያውቀው፣ ጥገናው የሚገኘው በቢ ፍላት ነው። ኪይ ማኅበር ነው። ብቻውን የቆመ ኪይ ከሌላው ሙዚቀኛ ጋር በተገናኘ ቁጥር ማስተርጎም ያሻዋል።

ይህ ማስተርጎም ምን እንደሚመስል ላሳይ። የቢ ፍላት ትራምፔት ነፊ «ዶ» ብሎ ሲነፋ ከፒያኖው ጎን ቢቆም የሚሰማው ቢ ፍላት ነው። ስለዚህ ኪቦርድ ተጫዋቹ በሲ ሲጫወት ትራምፔቱ በዲ ማንበብ አለበት። ጊታሪስቱ የሚወደው ኢ ደግሞ ለትራምፔቱ ኤፍ ሻርፕ ይሆንበታል፤ ጀማሪን የሚያስለቅስ ኪይ ነው። ክራር ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ክራር ለዘፋኙ ጉሮሮ ስለሚቃኝ ትንሽ ወደ ትራምፔቱ ማስጠጋት ይቻላል። በሰልፍ ባንድ የፍሬንች ሆርንን ሥራ የሚሠራው ሜሎፎን ደግሞ በኤፍ ነው፤ ደወሉ (የሰፋው ጫፉ) ወደ ፊት ስለሚመለከት ለሰልፍ ከሆርኑ ይመረጣል። ቱቦውም የሆርኑ ግማሽ ስለሆነ ድምፆቹ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ እየተራመደ ለሚነፋ ልጅ መሳት ይቀንሳል።

ቢ ፍላት ወደ እኛ የመጣበትን መንገድ ብንከተል ደግሞ ከሬሆቮት በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ወደምትርቀው ኢየሩሳሌም ይወስደናል። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላይ ለአፄ ምኒልክ የትንፋሽ መሣሪያዎች ልከው ነበር። የዘመናዊው ባንድ ሥር የያዘው ግን በ1916 ዓ.ም. (1924 እ.ኤ.አ.) ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም ወላጆቻቸውን በአርመኖች ላይ በደረሰው ጭፍጨፋ ያጡ ልጆች የሚነፉትን ባንድ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፈለት ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን ደረሰ፤ መዝሙሩ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ ዘውዱ መውደቅ ድረስም አገለገለ።

የአውሮፓ የሰልፍ ባንድ የቆመው በቢ ፍላትና በኢ ፍላት ላይ ነው፤ በኋላ የተቋቋሙት የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶችም ያንኑ ቤተሰብ ወረሱ። ቴነር ሳክስፎንም በቢ ፍላት ስለሆነ ከትራምፔቱ ጋር አንዱን ወረቀት ማንበብ ይችላል፤ ድምፁ አንድ ኦክቴቭ ዝቅ ይላል እንጂ። የሳክስፎን ተጫዋቹን የጌታቸው መኩሪያን ቴነር በሰማ ጆሮ ያደገ ልጅ ትራምፔት ሲያነሣ ያንን ዜማ እንዳለ ሊከተለው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ኪይ ትዝታንም ያወርሳል።

ኪዩ አንድ ሆኖም ከአዲስ አበባ የመጡ ነፊዎችን አንድ ነገር ያስገርማቸዋል፦ እዚያ ልክ የነበረው መሣሪያ እዚህ በነሐሴ ሙቀት ድምፁ ከፍ ብሎ ይገኛል። ብዙዎች በቦታው ከፍታ ያመካኛሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሬሆቮት ከ100 ሜትር በታች። የአየሩ መሳሳት ግን የድምፁን ልክ አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ድምፅ በሴኮንድ 0.6 ሜትር ያህል ይፈጥናል። ከ15 ዲግሪ ጠዋት ወደ 30 ዲግሪ ከሰዓት ስንሸጋገር ልዩነቱ 9 ሜትር ያህል ነው፤ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በሙሉ ቢለወጥ ሩብ ቶን ሊጠጋ ምንም አይቀረው። የነፊው ትንፋሽ ራሱ ሞቃት ስለሆነ በተግባር ከዚያ ያንሳል፤ ቢሆንም ይሰማል። የክራር ክር ደግሞ በሙቀት ስለሚላላ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለቱ በአንድ መድረክ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የትራምፔቱን መቃኛ ቱቦ ሳብ አድርጎ ማስረዘም መፍትሔው ነው።

ወደ ቅቡ ልመለስ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። የተለመደው ቢጫ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ መዳቡ 85 ሲሆን ወርቃማ ናስ፣ 90 ሲሆን ቀላ ያለ ናስ ይባላል። በዚህ ላይ ወይ ላከር የሚባል ቀጭን ቫርኒሽ ይረጫል፣ ወይ ብር ይቀባል። ለምሳሌ ያማሃ ለጀማሪዎች የሚሠራው 2330 ትራምፔት በሁለቱም ይሸጣል። የቱቦው ውስጣዊ ስፋት በሁለቱም 11.65 ሚሊ ሜትር ነው፤ የደወሉ ቅርፅም ያው ነው። ድምፅ የሚሠራው በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ቅርፅ ስለሆነ፣ ቅቡ ብቻ የተለየባቸውን ሁለት መሣሪያዎች ከጀርባ ሆኖ የሚለይ ሰው ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው። ከፕላስቲክ የሚሠራው ትሮምቦን እንኳ ትሮምቦን መሆኑን ጆሮ አይጠራጠርም።

ብርን ለመለከት መምረጥ ግን ጥንታዊ ነው። ኦሪት ዘኁልቍ በምዕራፍ 10 ሕዝቡን ለመጥራትና ሰፈሩን ለማስነሣት ሁለት መለከቶች ከብር እንዲሠሩ ያዝዛል። የዛሬው ብር ቅብ ከዚያ ጋር የሚመሳሰለው በመልኩ ነው፤ ውስጡ ናስ ነው። ጥቅሙ ከቆዳ ጋር መስማማቱ ነው። የሰው ላብ ላከርን ይበላል፤ በተለይ የግራ እጅ መዳፍ ፒስተኖቹን አቅፎ በሚይዝበት ቦታ። እጁ ብዙ ለሚያልበው ልጅ፣ የባሕሩ ወበቅ በሚደርስበት በዚህ ሜዳማ አገር፣ ብር ቅቡ ይቆያል። በአንጻሩ ብር ይጠቁራል፤ ድኝ ባለበት ሁሉ፣ ላስቲክም ሆነ የሱፍ ጨርቅ አጠገብ፣ ፈጥኖ ይጠቁራልና በየጊዜው በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ይፈልጋል። ላከሩ ይህን አይጠይቅም፤ በሙቅ ውሃ ግን መታጠብ የለበትም፤ ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። ምንም ያልተቀባ ናስ የሚወዱ ትልልቅ ሙዚቀኞች አሉ፤ እጅ ላይ ሽታ ይተዋል፣ አረንጓዴ ዝገትም ያወጣልና ለልጅ አልመክረውም። ከንፈር የሚነካው የአፍ መንፊያ ግን ብር ወይም ወርቅ ቅብ መሆን አለበት፤ ቅቡ ተልጦ ናሱ ከታየ ይለወጥ።

ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ስልኩ ላይ መቃኛ ይክፈትና ልጁ ያለ ፒስተን ታችኛውን ዶ ወይም ሶል እንዲነፋ ያድርግ። የሚነበበው ቢ ፍላት ወይም ኤፍ ከሆነ ደህና፤ ጂ ወይም ዲ ካለ ጓዶቹ የጣሉት አሮጌ ቡግል ነውና ርካሽነቱ አያማልል። ቀጥሎ ከአፍ መንፊያው የሚነሣውን ቱቦ በብርሃን ይመልከት፤ በቢጫው መካከል ቀያይ ነጠብጣብ ካለ ዚንኩ ከውስጥ እየለቀቀ ነው፣ ቱቦው ሊበሳ ነው። በመጨረሻ የአንደኛውን ፒስተን ተንሸራታች፣ ፒስተኑን ሳይጫን፣ ወደ ውጭ ይሳበው፤ ጥቂት ቆይቶም ፒስተኑን ይጫነው። አየሩ «ፖፕ» ብሎ ከገባ ደህና ይዟል። ዝም ካለ ፒስተኑ አልቋል፤ ላዩ የቱንም ያህል ቢያበራ፣ እሱን ማሳደስ ከመሣሪያው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።