በአሜሪካ አገር ዐዲስ የጭነት መኪና ነጂ የሚያገኘው ገንዘብ

ከኢትዮጵያ ወጥተው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከሚኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ የጭነት መኪና በመንዳት ይተዳደራሉ። ወሬያቸውም እስከ ገጠር ይደርሳል፤ እገሌ በአንድ ወር 20,000 ዶላር አገኘ ይባላል። ይህን የሰማ ቤተ ሰብ በሬውን ሸጦ፥ ገንዘብም ተበድሮ፥ ልጁን ከትምህርቱ አቋርጦ ለመስደድ ያስባል። ወሬው ፈጽሞ ሐሰት ነው ሊባል አይቻልም፤ ዳሩ ግን ያ ገንዘብ በመኪናው ስም የገባው እንጂ በሰውየው እጅ የቀረው አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ መደመርና ማካፈል የተማረ ልጅ ይበቃል።

በዚያ አገር ረጅም መንገድ የሚሄድ ነጂ ዋጋው ብዙውን ጊዜ በወር ተቈርጦ አይሰጠውም፤ በተጓዘው ማይል ይታሰብለታል እንጂ። አንድ ማይል ከ1,600 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ለምሳሌ ኩባንያው ለዐዲስ ነጂ በማይል ግማሽ ዶላር ቢከፍለው፥ እርሱም በሳምንት 2,000 ማይል ቢሄድ፥ 1,000 ዶላር ይሆንለታል፤ በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ 50,000 ይሆናል። ይህ ስሌት ከእውነቱ የራቀ አይደለም። የዚያ አገር መንግሥት የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በአውሮጳ አቆጣጠር ለ2024 ዓ.ም. እንዳወጣው፥ ተቀጥረው የሚሠሩት የከባድ መኪና ነጂዎች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 57,440 ዶላር ነበረ። መካከለኛ መባሉም እኩሌቶቹ ከዚያ በላይ፥ እኩሌቶቹ ከዚያ በታች ስላገኙ ነው። በዚህ ቍጥር ውስጥ ነባሮቹም አሉበትና ዐዲሱ ከመካከለኛው በታች ቢጀምር ሊያስደንቅ አይገባም።

እንግዲህ በማይል መከፈል ማለት ጎማው ሲቆም ገንዘቡም ይቆማል ማለት ነው። ነጂው ዕቃ ለመጫን ወይም ለማራገፍ በመጋዘን ደጅ አምስት ስድስት ሰዓት ወረፋ ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ ምንም አይታሰብለትም፤ ቢታሰብለትም ጥቂት ነው። ሕጉ በአንድ የሥራ ቀን ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፥ ሥራ ከጀመረም 14 ሰዓት ካለፈ በኋላ መሪ እንዳይጨብጥ ያዝዛል፤ በወረፋ የጠፋው ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ ከነዚሁ ከ14ቱ ይቈጠራል። በ1938 ዓ.ም. በወጣው የሥራ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሚሠራ ሰው ለትርፉ ሰዓት የአንድ ጊዜ ተኩል ዋጋ ይከፈለዋል፤ ከግዛት ወደ ግዛት የሚያመላልሱ ነጂዎች ግን በዚያ ሕግ የዚህ መብት ተካፋዮች አይደሉም። ስለዚህ 1,000 ዶላር በ40 ሰዓት የተገኘ ቢሆን በሰዓት 25 ዶላር በሆነ ነበር፤ ነጂው ግን 70 ሰዓት ደክሞበት ከሆነ 14 ዶላር ከ28 ሳንቲም ብቻ ነው። በመኪናው ውስጥ ተኝቶ ከቤቱ ተለይቶ የሚያድርባቸው ሌሊቶች በዚህ አልተቈጠሩም።

አሁን ወደ 20,000ው እንመለስ። ይህን የሚናገረው የራሱ መኪና ያለው ሰው ነው። በወር 10,000 ማይል ሄዶ በማይል 2 ዶላር ቢቀበል 20,000 ይሞላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው መኪና በአንድ ጋሎን ናፍጣ፥ ማለት 4 ሊትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ነዳጅ፥ ከ6 እስከ 7 ማይል ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ 1,500 ጋሎን ያህል ያስፈልገዋል፤ ጋሎኑ 4 ዶላር ቢሸጥ 6,000 ዶላር ነው። የመኪናው ዕዳ 2,500፥ መድኑ 1,500፥ የተሳቢው ኪራይ፥ ጎማውና ጥገናው 2,000፥ ጭነት ፈልጎ ለሚያገናኘው ሰው ደግሞ ከመቶ 10 ቢታሰብ 2,000 ይወጣል። የቀረው 6,000 ነው፤ እርሱም ግብር ያልተከፈለበት ነው። ለጡረታና ለሕክምና ከሚከፈለው 15.3 በመቶ የተቀጣሪውን እኩሌታ አሠሪው ይችልለታል፤ ባለመኪናው ግን ሁሉንም ብቻውን ይሸከማል። ሞተሩ የተበላሸ እንደ ሆነ የብዙ ወር ትርፍ በአንድ ቀን ይሄዳል።

ይልቁንም ዐዲሱ ነጂ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ውል አለ። ኩባንያው መኪናውን አከራይቶ፥ ኪራዩን በየሳምንቱ ከገቢው እየቈረጠ፥ በመጨረሻ መኪናው ያንተ ይሆናል ይለዋል። ብዙዎች ከፍጻሜው ሳይደርሱ መኪናውንም የከፈሉትንም ያጣሉ። መንግሥት ያቋቋመው አንድ ጉባኤ ነገሩን መርምሮ በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ እንዲህ ያለው ውል በሕግ እንዲከለከል አሳስቧል።

ወደ ሥራው ለመግባትም ወጪ አለ። ከየካቲት 2022 ዓ.ም. ጀምሮ ዐዲሱ ነጂ በመንግሥት በተመዘገበ ትምህርት ቤት ሳይሠለጥን ለከባድ መኪና ፈቃድ የመንዳት ፈተና አይቀርብም፤ የትምህርቱም ዋጋ በሺህ ዶላር የሚቈጠር ነው። ዋጋውን ችለው የሚያስተምሩ ኩባንያዎች ቢኖሩም ብዙዎቹ ነጂው የተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግል በውል ያስሩታል፤ ቀድሞ የሄደ ዕዳ ይጠየቃል። ዕድሜው 21 ያልሞላም በተለመደው ሕግ ከግዛት ወደ ግዛት ሊሻገር አይችልም።

የእንግሊዝኛ ቋንቋም ነገር አለ። የመንገድ ምልክት ማንበብና ለተቈጣጣሪ መልስ መስጠት በሕጉ የቈየ ትእዛዝ ቢሆንም፥ ከሰኔ 2025 ዓ.ም. ወዲህ ይህን የማይችል ነጂ በመንገድ ላይ ሲመረመር ከመንዳት ይታገዳል። መኪናውን እዚያው አቁሞ ኩባንያው ሌላ ነጂ እስኪልክ ይጠብቃል፤ የዚያን ቀንም ማይል አይታሰብለትም።