የሠርግ ጥሪ በፎገራ፤ ከወረቀቱ እስከ ድረ ገጹ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 የተነገረለት ንጉሥ ለልጁ ሠርግ ባደረገ ጊዜ እድምተኞቹን ይጠሩ ዘንድ አገልጋዮቹን እንደ ላከ ሁሉ፣ ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ወረታና ከዚያም ወዲያ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የሚኖር ደጋሽም ዘመድ ወዳጁን ሲጠራ የኖረው በወረቀት ሳይሆን በሰው አንደበት ነው። ለዚህ ተግባር የሚላከው ጠሪ እንዲያው በመንገድ የተገኘ ሰው አልነበረም፤ የዘመድን ሐረግ የሚቈጥር፣ ከማን ቤት አስቀድሞ መግባት እንደሚገባው የሚለይ፣ መምሬውን በክህነታቸው አረጋዊውን በዕድሜያቸው አክብሮ የሚያናግር፣ በየቤቱ የሚቀርብለትን ጠላ ሳይቀምስ የማይወጣ፣ ይሁን እንጂ ቀኑንና ቦታውን ሳያፋልስ ከናበጋ እስከ ዋገጠራ የሚያደርስ አስተዋይ መሆን ነበረበት። የገጠሩ ሰው ዛሬም በቃል መጠራትን አልተወም። ነገር ግን ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ጎንደር የሚያልፈውና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ በሚለያዩበት ላይ በቆመችው በወረታ ከተማ፣ መምህሩም ነጋዴውም የመንግሥት ሠራተኛውም ልጁን ሲድር የሠርግ ካርድ ማሳተምን እንደ ሥርዓት ይዞታል፤ ካርዱንም የስልክ መልእክትና ድረ ገጽ ተከትለውት መጥተዋል። እነዚህን ነገሮች፣ ጥቅማቸውንና ወጪያቸውን ጭምር፣ ለአንባቢ ማስተዋወቅ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ፊደላችን ከማተሚያ መሣሪያ ጋር የተዋወቀው በቅርብ አይደለም፤ መዝሙረ ዳዊት በግእዝ በሮማ ከተማ የታተመው በ1513 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሟል። የሠርግ ካርድ ግን የከተማ ልጅ ነው፤ ወደ ባላገሩ የወረደው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። መልኩም ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ በላይ የሁለቱ ወገን ወላጆች ስም፣ ከዚያ የሙሽሮቹ ስም፣ ቀጥሎ ተክሊሉ ወይም ቁርባኑ የሚፈጸምበት ቤተ ክርስቲያን፣ ዕለቱ፣ ሰዓቱና የግብዣው ስፍራ፣ በግርጌው ወይም በፖስታው ላይ ደግሞ የተጠሪው ስም በእጅ የሚጻፍበት ነጠብጣብ መስመር። ጠሪዎቹ ሙሽሮቹ ሳይሆኑ ወላጆቹ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ልጆቹ ራሳቸው ሲጠሩ የሚታይበት ካርድ በአዲስ አበባ የተለመደ ቢሆንም በፎገራ ሽማግሌዎች ዘንድ ወላጅ እንደሌለው ቤት ያስቈጥራል።

ስለ ወጪ ከመናገር በፊት ስለ ጊዜ መናገር ይገባል፤ የፎገራን ሠርግ የሚገዙት ሁለት መቁጠሪያዎች ናቸውና። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ የሆነው ባሕረ ሐሳብ ነው። ቤተ ክርስቲያን በአጽዋማት ወራት ሥርዓተ ተክሊል ስለማትፈጽም፣ ዋናው የሠርግ ወቅት የሚከፈተው ከጥምቀት ማግስት፣ ጌታችን በገሊላ ቃና ለሠርግ መጠራቱ በሚታሰብበት በጥር 12 ሲሆን፣ የሚዘጋው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ዐቢይ ጾምም እንደ ዓመቱ አቈጣጠር ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚገባ፣ ጠባቡ ዓመት ለደጋሾች 19 ቀን ብቻ፣ ሰፊው ግን 53 ቀን ይሰጣቸዋል፤ ከሁለቱም ላይ ሦስቱ የነነዌ ጾም ቀናት ይቀነሳሉ። ወቅቱ በጠበበበት ዓመት ደጋሹ ሁሉ በአንድ ሳምንት ወደ ማተሚያ ቤት ስለሚጎርፍ፣ በጥቅምት ያልተነጋገረ ሰው በጥር የሚከፍለው የወረቀቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የጥድፊያውንም ጭምር ነው።

ሁለተኛው መቁጠሪያ ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች አማካይነት በጅግናና በሻጋ ቀበሌዎች የተሞከረው ይህ ሰብል፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁትን ጥቁር አፈር ወደ ሀብት ለውጦ፣ ዛሬ ለእንጀራውም ለጠላውም ለአረቄውም የሚገባ የሠርጉ ግማሽ አካል ሆኗል። ሆኖም ሩዙ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ተወቅቶ፣ በወረታ መፈልፈያ ቤቶች አልፎ፣ ተሽጦ ብር እስኪሆን ድረስ የሙሽራው አባት እጅ ባዶ ነው። ስለዚህ ብር የማይጠይቀው ሥራ ሁሉ፣ ይኸውም የተጠሪዎች ዝርዝር፣ የጽሑፉ ቃልና የሁለቱ ወገን ስምምነት፣ ሩዙ ገና በማሳ ሳለ ሊያልቅ ይችላል፤ ይገባዋልም።

ከእነዚህ ሁሉ አስቸጋሪው ዝርዝሩ ነው። በአካባቢያችን እድምተኛ ለደጋሽ የሚሰጠው ብር በመዝገብ ይጻፋል፤ ያ መዝገብ የስጦታ ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን የብድር መክፈያ ውል ነው። ባለፈው ዓመት ለእኔ የሰጠኝን ሰው ዘንድሮ ልጄን ስድር ካልጠራሁት፣ የተውኩት እንግዳ ሳይሆን የካድኩት ወዳጅ ይሆናል። እንግዲህ «ወጪ ለመቀነስ ተጠሪ ቀንሱ» የሚለው ምክር በሌላ አገር ቢሠራም እዚህ ፍሬ የለውም፤ የሚሠራው የአሮጌውን መዝገብ አውጥቶ ከእርሱ መጀመርና ካርዱን በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤት ቈጥሮ «ከነቤተሰብዎ» ብሎ መጥራት ነው። አራት መቶ እድምተኛ ማለት አራት መቶ ካርድ ማለት አይደለም።

ስለ ኅትመቱ ደጋሹ ማወቅ ያለበት ነገር ጥቂት ነው። ኦፍሴት የሚባለው ማተሚያ ለእያንዳንዱ ቀለም የብረት ፕሌት ይፈልጋል፤ ፕሌቱን የማውጣትና መሣሪያውን የማስተካከል ወጪ ለሃምሳ ካርድም ለሺህ ካርድም ያው ስለሆነ፣ የሚረክሰው ብዛት ሲኖር ነው። ዲጂታል ማተሚያ ግን ፕሌት አይሻም፤ አንዱ ገጽ የሚያወጣውን ሁለተኛውም ያወጣል፤ ስለዚህ ለመቶና ለሁለት መቶ ካርድ ይህኛው ይመረጣል። መጠኑን በተመለከተ ኤ4 የሚባለው የታወቀ ወረቀት ለአራት ሲቈረጥ 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆኑ አራት ካርዶች ይወጡታል፤ ሁለት መቶ ካርድ ከሃምሳ ወረቀት ይገኛል፤ ለሚበላሸው ደግሞ አምስት ወረቀት ይጨመራል። ለዚህ መጠን ሲ6 የተባለው ፖስታ ተዘጋጅቶ በገበያ አለ። አራት ጎኑ እኩል የሆነ ወይም እንደ መስኮት የሚከፈት ካርድ የሚሻ ሰው ግን ቍርጥራጩን ከፍሎ ይጥላል፣ ፖስታውንም በትእዛዝ ያሠራል። በሙቀት የሚታተመው የወርቅ ፎይልም ለብቻው የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ድግሱ ላይ አንድ በግ የሚጨምር ገንዘብ በወረቀት ላይ ሲያብለጨልጭ ማየት ለእኔ ደስ አይለኝም።

ጌጥ ካስፈለገ አገሩ ራሱ የጌጥ አገር ነው። ፎገራ የሚገኝበት ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶች ምድር እንደ መሆኑ፣ ቁም ጽሕፈት የተማረ እጅ ፈልጎ ማጣት አይቻልም፤ የብራና መጻሕፍታችንም ለብዙ መቶ ዓመታት በሁለት ቀለም ብቻ፣ ማለት ጽሑፉ በጥቁር፣ የመክፈቻው መስመርና ቅዱሳት ስሞች በቀይ እየተጻፉ፣ በራስጌያቸው ሐረግ እየተሳለባቸው፣ ማንም የማይነቅፈው ውበት ኖሯቸዋል። በዚህ ሥርዓት የተሠራ ካርድ፣ ሐረጉ በላይ፣ የሙሽሮቹ ስም በቀይ፣ ሌላው በጥቁር ሆኖ፣ በኦፍሴት እንኳ ቢታተም ከሁለት ፕሌት አያልፍም። የተጠሪውን ስም ቁም ጸሐፊው በመቃ ብርዕ ቢጽፈው፣ «ለመሪጌታ»፣ «ለእማሆይ»፣ «ለክቡር አቶ» እያለ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ማዕርግ ቢያኖር፣ ተቀባዩ በመሣሪያ ከታተመ መቶ አበባ ይልቅ በዚያ አንድ መስመር ይከበራል። ለዚህ ግን የሚያብረቀርቅ ወረቀት አይሆንም፤ ቀለሙን ስለማይመጥ ጽሑፉ ይፋቃል፤ ያልተለበጠ ወፍራም ወረቀት መምረጥ ይገባል፣ እርሱም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃልና ቅዱስ ሥዕል በካርድ ላይ ማተም ተለምዷል፤ ካርዱ ከሠርግ በኋላ በየደጁ ሲረገጥ የሚያዝኑ ካህናት አሉና፣ የምዕራፉን ቍጥር ብቻ መጻፍ የሚበቃ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ድረ ገጹ እንምጣ። የሠርግ ድረ ገጽ ማለት ለአንድ ድግስ ብቻ የሚከፈት፣ በስልክ የሚነበብ ሰሌዳ ነው፤ በካርዱ ላይ የማይበቃው ሁሉ፣ የስፍራው ካርታ፣ የተክሊሉ የምሳውና የመልሱ ቅደም ተከተል፣ ከሩቅ የሚመጡት የሚያድሩበት ቤት፣ በእርሱ ላይ ይሰፍራል። እንደ ጉግል ሳይትስ ያለው አገልግሎት ያለ ክፍያ ይህን ያሠራል፤ የራስ የሆነ አድራሻ ግን በየዓመቱ የሚከፈልበት፣ ክፍያውም ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ፣ ለወረታ ደጋሽ አያስፈልገውም። ነፃው አድራሻ ረጅምና ለዓይን የማያምር ቢሆንም በካርዱ ጥግ በሚታተም ኪውአር ኮድ ይሸፈናል፤ ኮዱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ባያንስ፣ በነጭ ላይ በጥቁር ቢታተምና ዙሪያው ባዶ ቢተውለት በርካሽ ስልክም ይነበባል።

ፈረንጆች ለሠርግ ጥሪ የመልስ ካርድ ያያይዛሉ፤ የሚመጣና የማይመጣው ተለይቶ ወንበር ይቈጠራል። በፎገራ ግን የተጠራ ሰው «አልመጣም» ብሎ መጻፍ ነውር ስለሚሆንበት፣ «እመጣለሁ» ማለትም ትርፍ ስለሆነበት፣ የመልስ ካርድ ማሳተም ገንዘብን ወደ ጣና መወርወር ነው። መልስ የሚያስፈልገው መኝታ ከሚዘጋጅላቸው የሩቅ ዘመዶች ብቻ ነው፤ ለእነርሱ በድረ ገጹ ላይ አንዲት አጭር ቅጽ ትበቃለች።

የባዕድ አገር ዘመድ ካለ ቀኑ በሁለቱም አቈጣጠር መጻፍ አለበት፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጥር 12 በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 20 ይውላል፤ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ከነበረች ግን ጃንዋሪ 21 ይሆናል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ በወረታ ከቀኑ 6 ሰዓት የሚጀምር ሥርዓት በስልክ 12 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል፤ በዋሽንግተን በቀጥታ ሊያይ ለሚሻ እኅት ወይም ወንድም ደግሞ፣ በጥር ወር በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ፊደሉንም መጠንቀቅ ያሻል፤ የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ቢገባም፣ በአንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች ዛሬም ፓወር ግእዝ በተባለ አሮጌ የኮምፒዩተር ፊደል የሚጻፍ ስላለ፣ ለካርዱ የተጻፈው እንዳለ ወደ ድረ ገጹ ሲገለበጥ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል።

ሁሉንም በድረ ገጽ አድርጎ ወረቀቱን መተው ይቻል እንደ ሆነ የሚጠይቁ ወጣቶች አሉ። በክልላችን በአማራ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቈየቱ ለዚህ በቂ መልስ ነው። ኢንተርኔት ሳይኖር የሚደርሰው አጭር የስልክ መልእክት ነው፤ እርሱም ወሰን አለው፤ በላቲን ፊደል 160 ምልክት የሚይዘው አንዱ መልእክት በእኛ ፊደል 70 ብቻ ስለሚይዝ፣ የሙሽሮቹን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ብቻ አስፍሮ ሰላምታውን ለካርዱ መተው ብልህነት ነው። ወረቀቱ ክብርን፣ ድረ ገጹ ዝርዝሩን፣ መልእክቱ ማስታወሻውን ቢሸከም፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ልሥራ ሲል የሚባክነው ገንዘብ ይተርፋል።

ከማሳተም በፊት ናሙናውን ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ዕለቱን ከቀኑ ጋር እያስተያየ ያንብበው። ሃያ ያህል ካርድም ስም ሳይጻፍበት ይቀመጥ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚታወስ ዘመድ ከቶ አይጠፋም። በድረ ገጹ ላይ የባንክ ሒሳብ ቍጥርና የወላጆች ስልክ ለሁሉ በሚታይ ቦታ አይለጠፍ፤ የሚፈልግ ሰው ከቤተሰቡ ጠይቆ ያገኘዋል። የመልሱ ድግስ ካለፈ በኋላ ካርታውና ቅጹ ተነሥተው የተክሊሉ ሥዕሎች መጠናቸው ተቀንሶ ቢቀመጡበት፣ ነፃው ገጽ ሌላ ወጪ ሳይጠይቅ በዐረብ አገር ላሉት እኅቶች ይቈያቸዋል።