የፈረስ ብልት እብጠትና ንጽሕናው

ፈረስ ለገበሬው እግርም ማዕረግም በሆነበት በአርሲና በባሌ ደጋ፣ የድንጉላው ብልት ሽፋን ያለ ቁስል ቢያብጥ፣ በሩካቤ የሚተላለፈውንና እንስሳውን እያከሳ በመጨረሻ የኋላ እግሮቹን ሽባ የሚያደርገውን ዱሪን የተባለ ደዌ ሊያመለክት ስለሚችል፣ ባለቤቱ ከባዝራዎች ለይቶ የእንስሳት ሐኪም ሊጠራ ይገባዋል። ሰንጋ ፈረስ ግን ሥራ ፈትቶ በመቆሙ ብቻ ሊያብጥ ይችላል፤ ጥቂት ሲያዘግሙት ከጎደለለት እምብዛም አያሳስብም።

ስለ ንጽሕናው ከሆነ፣ በሳሙና አዘውትሮ መፈተግ፣ ትጋት ቢመስልም፣ ቆዳውን ያስቆጣልና ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። በሽንት ቧንቧው አፍ አጠገብ ባለው ጎድጓዳ ሥፍራ የሚጠጥረው፣ ባቄላ የሚያህለው ግራጫ እድፍ ግን በጣት በቀስታ ይወጣል፤ የሚራገጠውን ፈረስ ሐኪሙ በማደንዘዣ አረጋግቶ ያጥበዋል። ሽንት ከከለከለው በዚያው ሰዓት ይታይ።