በመኪና መስኮት የምናልፈው ግንብ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ አዲስ ዘመንንና የጣራ ገዳምን ጫካ አልፋችሁ እንፍራዝ አካባቢ ኮረብታ ላይ ግንብ ይታያል። ጉዛራ ይባላል።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው አፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597 እ.ኤ.አ.) እንዳሠሩት ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ስለሆነ፣ ጉዛራ የጎንደር ግንቦች ታላቅ ወንድም ነው ማለት ነው።

ለምን እዚያ? ነገሥታቱ በጋውን በዘመቻ፣ በድንኳን ነው የሚያሳልፉት። ክረምት ሲገባ ማረፊያ ይፈልጋሉ። ከኮረብታው ደግሞ ጣና ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ድንጋዮቹን የያዛቸው ኖራ ነው። ዝናብ ኖራውን ሲያጥበው ድንጋዩ ይላላል፤ ሰው ሲወጣበት ይናዳል። የመንገዱን ሰላም ጠይቃችሁ ሂዱና እዩት። ሴልፊውን ግን ከታች እናንሳ፣ ስማችንንም ግድግዳው ላይ አንጫር።